ባሕር ማዶ የነበረችው ወራሽ

ነቀምቴ፣ መስከረም 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተወደድሽ ለዋቁማ ልጅ ለቢሊሴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላም ከነቤተሰብሽ ይድረስሽ። እኛ ዝናቡ አልለቀን ብሎ እንጂ ደህና ነን። ጉልበቴን ያመኛል። ጆሮዬም እየባሰበት ስለሄደ በስልክ አትድከሚ፤ ባለፈው ስትደውዪ ያወራሽውን አንዱንም አልሰማሁም፤ አዎ አዎ ስል የነበረው በግምት ነው። እኛ በኦሮምኛ ብናወራም ደብዳቤ የምጽፈው እንደ ድሮዬ በአማርኛ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩበት ስለሆነ እጄ የለመደው እሱን ነው።

አባትሽ ካረፈ ስድስት ወር አለፈው። ለእኔ የአጎቴ ልጅ ብቻ አልነበረም፤ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ጓሮ ያለችውን ክፍል ሰጥቶ ያኖረኝ እሱ ነው። አሁንም እዚያው ነኝ። ወንድምሽ ቦሩ ውጣ አላለኝም፤ እግዜር ይስጠው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ስለ እንግሊዝ ንግሥታት የምጽፈው መጽሐፍ ሰባተኛ ደብተር ላይ ደርሷል። ሰው ይስቅብኛል። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ እንኳ «ጋሼ፣ የአገር ሰው አልቆ ነው?» አለኝ። አልቆ አይደለም። ሴት ልጅ የአባቷን ዙፋን መውረስ ትችላለች ወይ የሚለውን ጥያቄ እነሱ አራት መቶ ዓመት ተጣልተውበት ነው መልስ ያገኙለት፤ ይህ ለማንም አገር ሰው ይጠቅማል። ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በወጣትነቷ እስር ቤት ተቀምጣ፣ ከሞት ለጥቂት አምልጣ፣ ከዚያ አርባ አራት ዓመት ገዛች። ይህን ለሰው ሳልነግር መሞት አልፈልግም።

ችግሬ ማቲልዳ የምትባለዋ ናት። ያለኝ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው፤ ከገጽ 61 እስከ 84 ያለውን ተማሪ ይሁን አይጥ ወስዶታል፤ እሷ እዚያ ውስጥ ነበረች። እናንተ ዘንድ ቤተ መጻሕፍት በየሰፈሩ አለ ይባላል። ፎቶ ኮፒ አንሥተሽ በሚመጣ ሰው እጅ ላኪልኝ። ምንጩንና ገጹን ሳትጽፊ እንዳትልኪ። ምንጭ የሌለው ነገር ወሬ ነው፤ ክፍል ውስጥም የምላችሁ ይህንኑ ነበር።

አብሮ አንድ ወረቀት አለ። ቦሩ ነው የላከው። የቤቱን ጉዳይ ለመጨረስ ነው፤ ቆንስላ ሄደሽ ፈርመሽ መልሺው። ትንሽ ነገር ናት።

እጃችሁ የነካው ሁሉ ይባረክ፤ ብርዱንም ያለዝብላችሁ።

ኤዶሳ ጎንፋ


ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሼ ኤዶሳ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ተሻለው? ጌታ ዕድሜውን ከጤና ጋር ይስጥልኝ። እኛ በረዶው ጀምሮናል እንጂ ሁላችንም አለን።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በስድስተኛው ሳምንት ነው። ከአገር ቤት የተመለሰችው ዳራርቱ ከበርበሬ ጋር ጠቅልላ ስላመጣችው እያስነጠስኩ ነው ያነበብኩት። ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ ያን ሁሉ ስለ ንግሥቶች ጽፈው ስለ እኔ ያነሡት «ከነቤተሰብሽ» የምትለዋን ብቻ ነው። ስላልጠየቁኝ ራሴ ልንገርዎ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እነሣለሁ። መኪናዬን ከበረዶ ፍቄ ፋብሪካችን ወዳለበት ፕሊማውዝ ድረስ እነዳለሁ። እዚያ ለልብ ሕክምና የሚሆን ቀጭን ቱቦ በማጉያ እያየሁ ስገጣጥም እውላለሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ስለሚነዳ በወር ስምንት ቀን ባየው ነው። ልጄን ከትምህርት ቤት የማመጣው፣ የማበላው፣ የምጨቃጨቀው እኔ ነኝ። ማቲልዳን ለመፈለግ የተረፈችኝ ቅዳሜ ብቻ ነበረች።

ሄድኩልዎት። የላይብረሪዋ ሴትዮ «የትኛዋን ንግሥት?» አለችኝ። «የድሮዋን» አልኳት። ዘጠኝ መጽሐፍ ቆልላ ሰጠችኝ። ዓይኔ ደክሞ ስለነበር ለልጄ ለጃለኔ ሰጠኋት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። «ማሚ፣ ዊች ፔጅስ?» አለች። «ደስ ያለሽን ኮፒ አድርጊ» አልኳት። ስለዚህ ምርጫው የእሷ ነው፤ ቢበላሽ እሷን ይቆጡ።

አሁን ወደ እኔ ዋና ጉዳይ። ወረቀቱን አነበብኩት። ከአባቴ ቤት ያለኝን ድርሻ በሙሉ በፈቃዴ ለወንድሜ ለቦሩ ለቅቄያለሁ ይላል። ትንሽ ነገር ናት ያሉኝ ይቺን ነው? ማንም ሳይጠይቀኝ ፈቃዴን ማን ጻፈው? ቦሩ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ ኤዶሳን ጠይቂ፣ እሱ ያውቃል» ብሎ ዘጋው። ይኸው ጠየቅሁ።

አክባሪዎ ቢሊሴ


ነቀምቴ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለቢሊሴ፣

የልደቱ ጌታ ቤትሽን በደስታ ይሙላው። የላክሽው ደርሶኛል። ተባረኪ ካልኩ በኋላ ልቆጣ።

የጠየቅሁት ማቲልዳን ነው። የመጣልኝ የቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ቀሚስ፣ የቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የተበላሸ ጥርስ፣ ደግሞም ዘጠኝ ቀን ብቻ ነግሣ አንገቷን የተቆረጠችው ምስኪን ልጅ ናት። የገጹ ቁጥር በሙሉ ተቆርጦ ቀርቷል። ይህን ለማግኘት ሦስት ወር ጠበቅሁ። አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው መልሱ ሲዘገይባቸው አገሩ ውስጥ ያሉትን እንግሊዞች አሰሩ። እኔ የማስረው ሰው የለኝም እንጂ ንዴታቸው ገብቶኛል።

ከገጾቹ መካከል ግን ንግሥት አን የምትባለዋን አገኘሁ። አሥራ ሰባት ጊዜ አርግዛ አንድም ልጅ ለአካለ መጠን አልደረሰላትም። እንግሊዝና ስኮትላንድ አንድ መንግሥት የሆኑት በእሷ ዘመን ነው፤ እግሯ አብጦ በወንበር ይሸከሟት ነበር፤ ስብሰባ ግን አትቀርም። ይህን ጽፌ ስጨርስ ደብተሩን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ለጃለኔ አመሰግናለሁ በዪልኝ።

ስለ ወረቀቱ ጠይቀሻል። አባትሽ ሊያርፍ ሲል ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ «ቤቱ ለቦሩ ይሁን፤ ቢሊሴ የራሷ ኑሮ አላት» ብሏል። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከለቅሶው በኋላ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲጠይቁኝ ይህንኑ ተናግሬ ፈርሜያለሁ። የሟች ቃል ይከበራል። አንቺ በሰላም ከፈረምሽ ሁሉም ያልቃል። ከዚህ በላይ አታስጽፊኝ።

ማቲልዳን አትርሺ።

ኤዶሳ


ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ማርች 4 ቀን 2018

ለጋሼ ኤዶሳ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሌላውን ሰላምታ ስረጋጋ እጽፈዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። «የራሷ ኑሮ አላት» የሚለውን ባነበብኩ ማግስት ሥራ ቦታ ሁለት ቱቦ አበላሸሁ፤ በሰባት ዓመት አንድም አበላሽቼ አላውቅም። ጋሼ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ግድግዳውና ቆርቆሮው እንዳይመስልዎት። አባቴ በመጨረሻ ሰዓቱ እንዲህ ብሎ ከሆነ፣ ከልጅነት አውጥቶኝ ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ ፎቶውን አላየሁትም። አንሥቼ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ማቲልዳዎን አገኘኋት። አሁን ራሴ ነኝ ያነበብኩት፤ ከነምንጩ ከነገጹ ልኬያለሁ። እስኪያነቡት ግን ባጭሩ ልንገርዎ። ንጉሥ ሄንሪ ወንድ ልጁ ባሕር ላይ ሰጠመበት። የቀረችው እሷ ነበረች። ስለዚህ መኳንንቱን ሰብስቦ፣ እኔ ስሞት ለልጄ ትገዛላችሁ ብሎ አስማላቸው። ከማሉት ውስጥ የአክስቷ ልጅ እስጢፋኖስ አንዱ ነው። አባቷ ሲሞት እሷ ባሕር ማዶ ነበረች፤ ነፍሰ ጡርም ነበረች። እስጢፋኖስ ባሕሩን ተሻግሮ አንድ ወር ሳይሞላ ዘውዱን ጫነ። ያ ሁሉ መሐላስ? አንድ ትልቅ ሰው ተነሥቶ፣ ንጉሡ ሊሞት ሲል ሐሳቡን ቀይሯል፣ አልጋው አጠገብ እኔ ነበርኩ ብሎ ማለ። በቃ። በዚያ አንድ ሰው ቃል አገሩ አሥራ ስምንት ዓመት ተዋጋ። እሷም አንድ ጊዜ ከተከበበችበት ግንብ ነጭ ለብሳ በበረዶ ላይ በእግሯ አምልጣለች። መጽሐፉ ትልቅ ጀብዱ ያደርገዋል፤ እኛ እዚህ እስከ መኪና ማቆሚያው በየጠዋቱ የምንሄደው እንዲያ ነው።

ጃለኔ ከጎኔ ሆና አብራኝ ታነብ ነበር። «ማሚ፣ ሂ ላይድ» አለችኝ።

«ማን ነው የዋሸው?»

«ዘ ጋይ ባይ ዘ ቤድ። ሂ ዋዝንት ኢቭን ዜር።» አልጋው አጠገብ ነበርኩ ያለው ሰውዬ እዚያ እንኳ አልነበረም ማለቷ ነው።

ልጄ ስለ ቤታችን ጉዳይ የምታውቀው የለም፤ የምታወራው ስለ እንግሊዙ ነው። እኔ ግን ወጥ ቤት ሄጄ በሩን ዘጋሁ።

ያኔ ለአባቴ ለቅሶ ለምን እንዳልመጣሁ ያውቃሉ። የዜግነት ጉዳዬ በሂደት ላይ ነበር፤ ጠበቃው ከአገር ከወጣሽ ይበላሽብሻል አለኝ። ለቅሶ የተቀመጥኩት እዚህ አፓርትመንቴ ውስጥ ነው። ስለዚህ የማውቀው እናንተ የነገራችሁኝን ብቻ ነው። አሁን እንደ ተማሪዎ ልጠይቅዎ። ይህን የተናገረው በስንት ቀን ነው? ጠዋት ነው ከሰዓት? ክፍሉ ውስጥ ሌላ ማን ነበር? በኦሮምኛ ነው የተናገረው? ቃሉ አንድ በአንድ ምን ነበር? ምንጭ የሌለው ነገር ወሬ ነው ብለው አስተምረውኛል። ምንጭዎን እጠብቃለሁ።

ቢሊሴ


ነቀምቴ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለቢሊሴ፣

የትንሣኤው ሰላም ይድረስሽ።

የላክሽው ማቲልዳ ደርሷል። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን እስጢፋኖስን የሳልሽበት መንገድ ሚዛን የለውም፤ ሰውየው ለጋስ ነበር፤ ብዙ ሰውም ይወደው ነበር። መኳንንቱም አገር ያለ ንጉሥ እንዳይቀር ፈርተው ነው። ታሪክ ስታነቢ የሁሉንም ወገን ማየት አለብሽ።

እኔ ግን አዝኛለሁ። ፊደል ሳትቆጥሪ ጀምሮ የማውቅሽ ልጅ እንደ ፖሊስ ቀንና ሰዓት ትጠይቂኛለሽ? አንድ ጊዜ የተናገርኩትን ተናግሬያለሁ። ሽማግሌዎቹ አምነውኛል፤ አንዳቸውም ጠዋት ነው ከሰዓት አላሉኝም። በዚህ ዕድሜዬ ለአንድ ወረቀት ይህን ያህል መመርመር አይገባኝም።

ቦሩ በየቀኑ ይመጣል። በሩ ላይ ይቆምና «ጋሼ፣ መልስ የለም?» ይላል። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ሌላ የምሄድበት ቤት የለኝም። ይህን ለምን እንደጻፍኩልሽ አላውቅም፤ ተዪው።

ንግሥት ቪክቶሪያ ላይ ደርሻለሁ። በዘመኗ ስለ ተዘረጋው የባቡር ሐዲድ የሚል ካገኘሽ ላኪልኝ።

ኤዶሳ ጎንፋ


ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሜይ 6 ቀን 2018

ለጋሼ ኤዶሳ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ባቡር ሐዲድ የምልከው የለኝም። አምስት ጥያቄ ጠይቄ አንዱንም አልመለሱልኝም። ወረቀቱ ሳይፈረም ከዚህ ጋር ተመልሷል። መልስ ሲኖርዎት ይጻፉልኝ፤ እስከዚያው እኔም አልጽፍም።

ቢሊሴ ዋቁማ


ነቀምቴ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለቢሊሴ፣

ሰላም ልበልሽ ወይስ አልበልሽ ሳመነታ ብዙ ቆየሁ። ሰላም ለአንቺ፣ ለባለቤትሽ፣ ለጃለኔም ይሁን።

የማቲልዳን ምዕራፍ መጻፍ አቃተኝ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩት። ያ የማለው ሰው ዘንድ ስደርስ ሦስቱንም ጊዜ ዘልዬው አለፍኩ። በመጀመሪያው ቦታ ለመቆጠብ ነው አልኩ። በሁለተኛው ምንጩ ያጠራጥራል አልኩ። በሦስተኛው ለራሴ የምለው አጣሁ። የሰው ውሸት መጻፍ ያልቻልኩት የራሴን ስላልጻፍኩ ነው።

ጥያቄዎችሽን በተራቸው ልመልስ። አባትሽ ሆስፒታል የገባው ረቡዕ፣ መጋቢት 13 ቀን 2009 ነው። ሐሙስ ጠዋት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ አሉን። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገረም፤ በኦሮምኛም፣ በምንም። ቅዳሜ ከሰዓት አረፈ። ሁሉንም ቀን አጠገቡ ነበርኩ፤ ይህ እውነት ነው። ቦሩ ይመጣ ይሄድ ነበር። ዋቁማ ስለ ቤቱ የተናገረው የለም። ስለ ቦሩም የተናገረው የለም። አንቺን ትቻታለሁም አላለም፤ ባርኬያታለሁም አላለም።

«የራሷ ኑሮ አላት» የሚለው የቦሩ ቃል ነው። በቀብሩ ማግስት ጓሮ መጣና «ጋሼ፣ አንተ አጠገቡ ነበርክ፤ አንተ ካልከው ሁሉም ያምናል» አለኝ። ስለምኖርባት ክፍል ምንም አላነሣም። ግድግዳውን ቃኘት አድርጎ ወጣ፤ ገባኝ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ፊት ተናገርኩት። አልተንቀጠቀጥኩም፤ ድምፄም አልተለወጠም፤ ይህ ነው እስካሁን የሚያሳፍረኝ።

ባለፈው ሳምንት እነዚያኑ ሽማግሌዎች ለመንኩና ተሰበሰቡ። የተናገርኩት ውሸት ነበር አልኳቸው። አንደኛው የሰማውን ስላላመነ ደግሜ እንድናገር አደረገኝ። ቃሌን ማንሣቴን ጽፈው አስፈረሙኝ፤ ቅጂው ከዚህ ጋር አለ፤ ፍርድ ቤት ብትሄጂ ይጠቅምሻል። ቦሩ አልጮኸብኝም። በነጋታው ክፍሏን ለሱቁ ዕቃ ማስቀመጫ እንደሚፈልጋት ነገረኝ። አሁን ያለሁት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ነው። ልጆቹ ቴሌቪዥን ሲያዩ እኔ ግድግዳ አያለሁ። ደብተሮቹ በማዳበሪያ ታስረው አልጋው ሥር ናቸው።

ይቅርታ አድርጊልኝ ማለት ይከብደኛል። ግን እላለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከእንግዲህ ምንም አትላኪልኝ።

የበደለሽ ኤዶሳ


ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ኦክቶበር 7 ቀን 2018

ለጋሼ ኤዶሳ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ካሉበት ሳሎን ይግባልዎት። አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልዎ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት የሥራ ቦታዬ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው፤ የምሳ ሰዓቴ አልቆ አለቃዬ እስኪደውልልኝ ድረስ። አለቀስኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ አሁንም እንደተናደድኩ ነው። ስምንት ወር ሙሉ አባቴ ሳይፈልገኝ ሞተ እያልኩ ነው ወደ ሥራ የነዳሁት። ልጄ «ማሚ፣ አር ዩ ማድ አት ሚ?» ብላ ተቆጥቼባት እንደሆነ እስክትጠይቀኝ ድረስ ቤቴ ውስጥ ፊቴ ተለውጦ ነበር። ይህ ሁሉ የመጣው ለአንዲት የጓሮ ክፍል ሲባል ነው። ጽፈው ቢነግሩኝ እኔ እኮ እለምንልዎት ነበር።

ቦሩ ጋ ደወልኩ። ዘጋብኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ ዘጋብኝ። በሦስተኛው አነሣው። ቤቱ የሁለታችን ነው፣ እዚያው ኑርበት፣ ላስወጣህ አልመጣም፣ የአባቴን ልጅነት ግን በፊርማዬ አልለቅም አልኩት። ከዚያ ጓሮ ያለችው ክፍል ከእኔ ድርሻ እንድትታሰብና እርስዎ እንዲመለሱባት ነገርኩት።

«የዋሸብሽን ሰው ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ እሱን ነው» አልኩት።

 በመጨረሻ ዕቃውን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚያወጣ ነገረኝ። ካላወጣ ይጻፉልኝ። ስለዚህ ደብተሮችዎን ይዘው ይግቡ፤ ማቲልዳንም ያን ሰውዬ ሳይዘሉ ይጨርሷት። ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽዎትም፤ እሱ ገና ይቀረኛል። ግን ሰባ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው በእኔ ምክንያት የሰው ሳሎን ውስጥ እንዲያድር አልፈልግም።

አሁን ደግሞ እኔ ነኝ የምጠይቀው። ከመጽሐፉ በፊት እነዚያን አራት ቀናት ይጻፉልኝ። ረቡዕ ሲገባ ምን ለብሶ ነበር? በእግሩ ነው የገባው? ምግብ ቀምሷል? ሐሙስ ጠዋት ዝም ከማለቱ በፊት መጨረሻ የተናገረው ምን ነበር፣ ውሃ ስጡኝም ቢሆን? ዓይኑ ይገለጥ ነበር? እጁን ማን ያዘው? የሚያውቁትን ብቻ ይጻፉ። የማያውቁትን አላውቅም ይበሉ። ያጽናናታል ብለው አንዲት ቃል እንዳይጨምሩልኝ። አባቴ እንዴት እንደሞተ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

ቢሊሴ ዋቁማ